ኤድዋርድ ሩፔልና የደጋ አራዊት ልብ

ከወረኢሉ ወደ ምዕራብ፣ ወደ መካነ ሰላምና ወደ ሳይንት የሚያቀና መንገደኛ ሦስት ነገሮች ያጋጥሙታል። አንደኛው በገደል አፋፍ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ የሚውለው የጭላዳ መንጋ ነው። ሁለተኛው ክንፉን ዘርግቶ ከሰማይ ሳይወርድ የሚያንዣብበው ጥንብ አንሣ ነው። ሦስተኛው፣ ዕድል የቀናው እንደ ሆነ፣ በጓሳው መካከል አይጥ ሲያደባ የሚታየው ቀይ ቀበሮ ነው። እኛ የዚያ አገር ልጆች የሆንን እነዚህን ሁሉ ከብት ስንጠብቅ እያየናቸው አደግን። ዩኒቨርሲቲ ገብተን የእንስሳት ትምህርት መጽሐፍ በገለጥን ጊዜ ግን በሦስቱም የሳይንስ ስም ላይ፣ ወይም ከስሙ አጠገብ፣ አንድ የባዕድ ሰው ስም ተጽፎ አገኘን። ይኸውም ሩፔል የሚል ነው።

ይህ ሰው ማን እንደ ነበረ ብንጠይቅ ከጓደኞቻችን መካከል የሚያውቀው ጥቂት ሆነ። ከዚህም የተነሣ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ለአንባብያን ለማቅረብ አሰብን። ታሪኩን ስናጠና ደግሞ አንድ ነገር አሳሰበን። ሩፔል ያገራችንን የደጋ አራዊት ለዓለም ሲያስተዋውቅ ቆዳቸውንና አጥንታቸውን ይዞ ሄደ፤ የተራራውንም ከፍታ በመሣሪያ ለካ። እነዚህ እንስሳት አየር በሳሳበት ተራራ ላይ ልባቸው እንዴት እንደሚሠራ ግን ሳይጠየቅ ቀረ። ጥያቄው መልስ ማግኘት የጀመረው እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ታሪኩን ስንጽፍ ከመቃብሩ አልፈን መሄድ ግድ ሆኖብናል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቪልሄልም ፔተር ኤድዋርድ ሲሞን ሩፔል በኅዳር ወር፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1794 ዓ.ም. በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለጸጋ የባንክ ሰው ነበረ። እንደ ዘመኑ ልማድ ልጁም በንግድ ሥራ የአባቱን ፈለግ እንዲከተል ታስቦ ነበረ። ነገር ግን በ1817 ዓ.ም. ግብጽንና ሲናን ከጎበኘ በኋላ ልቡ ወደ ሌላ አዘነበለ። የነጋዴው ልጅ ድንጋይ፣ ወፍና ዓሣ መሰብሰብ ጀመረ። በዚያው በ1817 በፍራንክፈርት የዜንከንበርግ የተፈጥሮ ምርምር ማኅበር ተቋቁሞ ነበርና በማግሥቱ ዓመት አባል ሆኖ ገባ። ከዚያም ወደ ኢጣልያ ወርዶ በፓቪያ የእንስሳትንና የዕፀዋትን ትምህርት፣ በጄኖቫም የሥነ ፈለክን ትምህርት ተማረ። በገንዘቡ ተዝናንቶ መኖር የሚችል ሰው በሃያ ምናምን ዓመቱ ከተማሪ ወንበር ላይ መመለሱ እኛን ተማሪዎቹን ሳያስደስተን አልቀረም።

የመጀመሪያው ረጅም ጉዞው የተጀመረው በ1821 ዓ.ም. ነው። ሚካኤል ሄይ የሚባል ሐኪም ረዳቱ ሆኖ ተከተለው። በ1822 የአቃባን ባሕረ ሰላጤ ደረሰ፤ ከዚያም ዓባይን ተከትሎ ወደ ኑብያና ወደ ኮርዶፋን ዘለቀ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዋና ምኞቱ ወደ ኢትዮጵያ መግባት ነበረ። ሆኖም ምጽዋ እንደ ደረሰ ሕመም ጉዞውን ሰበረውና የደጋውን ግድግዳ ከሩቅ አይቶ ተመለሰ። በ1827 ዓ.ም. አውሮፓ ገባ።

ብዙ ሰው በዚህ ይበቃኛል ባለ ነበር። ሩፔል ግን ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1830 ዓ.ም.፣ በራሱ ገንዘብ ሁለተኛውን ጉዞ አሰናዳ። በዚህኛው ጉዞ ላይ ረዳቱ ቴዎዶር ኤርክል የሚባል እንስሳትን ገፍፎና ሞልቶ የሚያሰናዳ ወጣት ነበረ። ዛሬ በደጋችን ቁጥቋጦ ውስጥ የምትጮኸው ትልቋ ቆቅ በሳይንስ ስሟ የኤርክል ቆቅ ትባላለች፤ ስሙን ያወጣላት ሩፔል ነው። አለቃ የረዳቱን ስም እንዲህ በክብር ማስቀመጡ በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነውና ሳንጠቅሰው ማለፍ አልወደድንም።

ምጽዋ ሲደርስ አገሩ በጦርነት ታምሶ አገኘው። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበረ። በየካቲት ወር 1831 በደብረ ዓባይ ጦርነት የትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስና የየጁው ራስ ማርዬ ሁለቱም አልቀዋል። የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ትግራይን ይዘዋል፤ መንገዱም አይታመንም። ሩፔል በምጽዋና በዳህላክ ደሴቶች ዓሣና ወፍ እየሰበሰበ ወራት አሳለፈ። በጎንደር ደግሞ ንጉሡ ስም ብቻ ነበራቸው፤ ሥልጣኑ በየጁዎች እጅ ሆኖ ገና ልጅ በነበሩት በራስ ዓሊ ስም ይሠራበት ነበረ። የራስ ዓሊ እናት ወይዘሮ መነን የወረሂመኖው የኢማም ሊበን ልጅ ነበሩ። እንግዲህ ሩፔል እኛን ወሎዎቹን ባይጎበኘንም የወሎ ዘመዶች በሚገዙት አገር ውስጥ ሊያልፍ ነው። ወረኢሉ ከተማው ያኔ አልነበረም። ምኒልክ ከተማ አድርገው የቆረቆሩት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ በ1895 ዓ.ም. ለዐድዋው ዘመቻ ክተት ሲታወጅም የሸዋው ጦር እንዲሰበሰብ የታዘዘው በዚሁ በወረኢሉ ነው።

በ1832 ዓ.ም. መንገዱ ተከፈተለት። በትግራይ በኩል አድርጎ ተከዜን ተሻግሮ በክረምቱ ወራት ስሜን ወጣ። የሕይወቱ ታላቅ ምዕራፍ ይህ ነው ብለን እንገምታለን። ከአውሮፓ ሳይንስ ተምሮ የመጣ የእንስሳት ሊቅ እስከዚያ ድረስ ያንን ደጋ አቋርጦት አያውቅም ነበር። የክረምት ጉም፣ በረዶና ጭቃ በወረደበት፣ ጅብራና አስታ ብቻ በሚበቅልበት ተራራ ላይ ሆኖ ሥራውን ጀመረ።

ከጓዙ መካከል ባሮሜትር ነበረ። ይህ መሣሪያ ለታሪካችን ቁልፍ ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት። ባሮሜትር ማለት የአየርን ክብደት የሚመዝን ነው። ከባሕር ወለል ላይ ሲቆም በመስታወቱ ቱቦ ውስጥ ያለው ባዜቃ 760 ሚሊሜትር ያህል ይቆማል። ተጓዡ ወደ ተራራ ሲወጣ ከበላዩ ያለው አየር እየቀነሰ ስለሚሄድ ባዜቃው ይወርዳል። በወረኢሉ፣ በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ወደ 550 ሚሊሜትር ይወርዳል። በሳይንት ተራሮች፣ በ3,700 ሜትር አካባቢ፣ 500 እንኳ አይሞላም። ሩፔል የባዜቃውን መውረድ እየተመለከተ የተራራውን ከፍታ ያሰላ ነበረ። በዚያ ዘመን ላገራችን ካርታ ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው።

ነገር ግን ያው የባዜቃ መውረድ ሌላም ነገር ይናገራል። ከአየር ውስጥ ከመቶ 21 እጁ ኦክሲጅን ነው፤ ይህም መጠን በቆላም በደጋም አይለወጥም። የሚለወጠው የአየሩ ጥቅጥቅነት ነው። በ3,700 ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክሲጅን በባሕር ዳር ከሚያስገባው ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ቢሆን ነው። ስለዚህ ሩፔል በእጁ የያዘው መሣሪያ የተራራውን ከፍታ ብቻ ሳይሆን፣ በፊቱ ሣር ሲነጭ የነበረው ጭላዳ ልብ በየደቂቃው የሚታገለውን እጦት ጭምር ይለካ ነበረ። መሣሪያው የሚናገረውን ይህንን ሁለተኛ ነገር ያነብብ ዘንድ የዘመኑ ሳይንስ ገና አላስተማረውም።

የሰበሰባቸውን እንስሳት ሁሉ ብንዘረዝር ወረቀቱ አይበቃንም። ጭላዳን ስሙን ካገሩ ሰው አፍ ወስዶ ገላዳ ብሎ በ1835 ዓ.ም. አሳተመ። በዚያው ዓመት ዋልያን ከነአማርኛ ስሙ አስመዘገበ። ቀይ ቀበሮን በ1840 ዓ.ም. በስሜን ስም ጠራው። አናቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለውና መንቆሩ የወፈረው ቁራ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ክር ያሰረ የሚመስለው የገደል ርግብ፣ ሌሎችም አያሌ አዕዋፍ ከእሱ ብዕር ስም አግኝተዋል። እነዚህ ሁሉ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ አገር የሌሉ ወይም የሌሉ ያህል የሆኑ ናቸው። ዋልያው በስሜን ብቻ ሲቀር፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ግን በእኛም አገር በደንቆሮ ጫካ፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ በሚባለው፣ ይኖራሉ።

የዚያ ዘመን ሰብሳቢ ሥርዓት የታወቀ ነው። እንስሳው በጥይት ይወድቃል፤ ቆዳው ይገፈፋል፤ የራስ ቅሉ ይጸዳል፤ ቆዳው በመድኃኒት ታሽቶ ይታሸጋል። የሆድ ዕቃው፣ ሳንባውና ልቡ ለአሞራ ይጣላል። ሙቀትና የበቅሎ ጭነት ከዚህ በላይ አይፈቅዱም ነበርና ሩፔልን ልንወቅሰው አንችልም። የጭላዳ ደረት ላይ ጠጉር የሌለው ቀይ ቦታ አለ፤ ፈረንጆች ከዚህ ተነሥተው ልቡ የሚደማ ዝንጀሮ ይሉታል። ያ ቀይ ቆዳ ፍራንክፈርት ደረሰ። ከሥሩ ይመታ የነበረው ልብ ስሜን ላይ ቀረ።

ከስሜን ወርዶ ጎንደር ገባና ከ1832 መጨረሻ ጀምሮ ወራት ተቀመጠ። የጎንደር ሊቃውንት ያገሩን ታሪክ አጫወቱት። የብራና መጻሕፍት ገዛ፣ አስገለበጠም፤ ዛሬም በፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በዚህ ነገር ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከፊላችን መጻሕፍቱ ባይወሰዱ ከኋለኞቹ ጦርነቶችና ቃጠሎዎች አይተርፉም ነበር ሲል፣ ከፊላችን ደግሞ ያገር ቅርስ ባገሩ ይሻላል አለ። ክርክሩ አላለቀም። ሲመለስ በአክሱም አልፎ ጥንታዊውን ጽሕፈት መረመረ፤ ያገራችንንም የጥንት ገንዘብ ሰበሰበ። በ1834 ዓ.ም. አገሩ ገባ።

የጉዞውን መጽሐፍ በ1838 እና በ1840 ዓ.ም. በሁለት ክፍል አሳተመ። በ1839 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው፤ ከእንግሊዝ ሰዎች ውጭ ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ስብስቡን ለዜንከንበርግ ሙዚየም ሰጠ፤ ሙዚየሙም በእሱ ስጦታ ስመ ጥር ሆነ። በኋላ ግን ከእንስሳት ሥራ እየራቀ ሄደ፤ ያረጀበትም ሥራ የፍራንክፈርትን ከተማ የጥንት ገንዘቦች ማደራጀት ሆነ። አራዊቱን ትቶ ወደ ብርና ወደ መዳብ መዞሩ ያሳዝነናል። እሱ የተወው በር ግን በሌሎች እጅ ተከፈተ።

በ1878 ዓ.ም.፣ ሩፔል የ83 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ሳለ፣ ፖል ቤር የሚባል የፈረንሳይ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ስለ አየር ግፊት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ቤር እንስሳትንና ራሱን ጭምር ከብረት በተሠራ ክፍል ውስጥ እያስገባ አየሩን ያሳሳ ነበረ። በተራራ ላይ ራስ የሚያዞረውና ልብ የሚያስመታው የአየሩ ቅለት ራሱ ሳይሆን የኦክሲጅን ማነስ መሆኑን በዚህ አረጋገጠ፤ ኦክሲጅን ሲጨምር ሕመሙ ይጠፋልና። እንግዲህ የሩፔል ባሮሜትር በስሜን የተናገረው ሁለተኛ ነገር በመጨረሻ ተነበበ ማለት ነው። ሩፔል ኅዳር ካለፈ በኋላ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1884 ዓ.ም.፣ በ90 ዓመቱ በተወለደበት ከተማ ዐረፈ።

ከዚህ በኋላ ያለው የአራዊቱ ታሪክ ነው።

ልብ አንድ ቢመስልም ሁለት ፓምፕ ነው። የግራው ደምን ወደ መላ ሰውነት ይገፋል፤ የቀኙ ወደ ሳንባ ብቻ ይገፋል። ሳንባ ቅርብና ልል ስለ ሆነ የቀኙ ፓምፕ ግድግዳ ስስ ነው፤ ብዙ ጉልበት አያስፈልገውም። የቆላ እንስሳ ወደ ደጋ በወጣ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የልብ ምት መፍጠን ነው። ይህንን ከቆላ የመጣ አህያ የደጋ ዳገት ሲወጣ አይተን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን ዋናው አደጋ የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው። በ1946 ዓ.ም. ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ የተባሉ ሁለት የስዊድን ሊቃውንት በድመት ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ኦክሲጅን ያነሰ እንደ ሆነ የሳንባ የደም ሥሮች እንደሚኮማተሩ አሳዩ። ይህ ባሕርይ በቆላ ጥበብ ነው። ከሳንባ አንዱ ጥግ በሕመም ቢደፈን ደሙ ያንን ጥግ ትቶ አየር ወዳለበት ይሄዳል። በተራራ ላይ ግን አየር ያነሰው በሳንባው ሁሉ ነው፤ ስለዚህ ሥሮቹ ሁሉ ባንድነት ይኮማተራሉ። የቀኙ ፓምፕ በተዘጋ በር ላይ እንደሚገፋ ሰው ይሆናል። ግድግዳው ይወፍራል፤ ይለጠጣል፤ በመጨረሻም ይደክማል።

ይህ በዓይን የታየው በአሜሪካ በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ነው። ገበሬዎች የቆላ ከብት ወደ ከፍተኛ ቦታ ሲያወጡ ከፊሉ ይከሳል፣ አንገቱ ላይ ያለው የደም ሥር ይገተራል፣ ፍርምባው በውኃ ያብጣል፣ ከዚያም ይሞታል። ሁለት ሊቃውንት ይህን በ1915 ዓ.ም. ጻፉት። በሽታውም የፍርምባ በሽታ ተባለ። ልብ የተሸነፈበት ምልክት ፍርምባ ላይ ይነበባል ማለት ነው።

በዓለም ላይ ተራራን ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖሩበት እንስሳት ከዚህ የዳኑት በልዩ ልዩ መንገድ ነው። የቲቤቱ ያክና የአንዲሱ ላማ የሳንባ የደም ሥራቸው ግድግዳ ስስ ነው፤ ኦክሲጅን ሲያንስ እምብዛም አይኮማተርምና የቀኙ ልባቸው ያለ ጭንቅ ይሠራል። ላማው ደግሞ ደሙ ኦክሲጅንን አጥብቆ የሚይዝ ነው። በስሜን ላይ የተመረመሩት ያገራችን ከብቶችም በዚያ ሁሉ ከፍታ ላይ የፍርምባ በሽታ ሰለባ ሆነው አልተገኙም። ወተት ለማብዛት ከውጭ አገር ዘር ጋር ማዳቀል ለሚያስቡ የእርሻ ተማሪ ጓደኞቻችን ይህ ነገር ችላ የሚባል አይደለም። ጥጃው ከአባቱ የሚወርሰው ወተት ብቻ አይደለምና፤ የቆላ ልብም ሊወርስ ይችላል።

ሌላው መንገድ ደምን ማወፈር ነው። ብዙ የቆላ ፍጡር ተራራ ላይ ሲቆይ ኦክሲጅን ተሸካሚ የሆነው ቀይ የደም ሴል ይበዛለታል። ይህ ለጥቂት ጊዜ ይጠቅማል። ከመጠን ሲያልፍ ግን ደሙ እንደ አጥሚት ይወፍርና ለልብ ሸክም ይሆናል። የፔሩ ሐኪም ካርሎስ ሞንጌ በአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ላይ ያገኘው የተራራ ሕመም ይህ ነው፤ በስሙም ይጠራል።

የሩፔል ጭላዳ ከዚህ አንጻር ምን ያደርጋል? መልሱ የመጣው በ2022 ዓ.ም. ነው። የስሜንን ጭላዳዎች በሕይወት ሳሉ ይዘው፣ ለክተውና ደማቸውን መርምረው የለቀቁ ተመራማሪዎች፣ ያገራችንም ሰዎች ያሉበት ቡድን፣ ውጤቱን አሳተሙ። የጭላዳ ደም አልወፈረም። በቆላ ከሚኖሩ የዝንጀሮ ዘመዶቹ ደም ብዙ የሚለይ አይደለም። የሚለየው ደረቱ ነው፤ ከሰውነቱ መጠን ጋር ሲተያይ ከእነሱ ደረት የሰፋ ነው። የሰፋ ደረት የሰፋ ሳንባ ይይዛል፤ የሰፋ ሳንባም ከሳሳው አየር ብዙ ይሰበስባል። ደሙ ስላልወፈረ ልቡ አጥሚት አይገፋም። ሩፔል በ1832 ዓ.ም. በመስፈሪያ ክር የጭላዳን ደረት ዙሪያ ለክቶ ከሜዳ ዝንጀሮ ጋር ቢያስተያይ ኖሮ የዚህን መልስ ግማሹን በእጁ ባገኘ ነበር።

እኛን የበለጠ ያስገረመን ደግሞ የሰው ነገር ነው። በዚያው በስሜን በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ያማራ ገበሬዎች ደም ተመርምሮ በ2002 ዓ.ም. በወጣው ጽሑፍ መሠረት የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር 15.9 ግራም ነው፤ ይህ በባሕር ዳር ካለ ጤነኛ ሰው ብዙ የማይርቅ ነው። ደማቸውም ከመቶ 95 እጅ በላይ ኦክሲጅን የጠገበ ነው። በ2011 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት በ3,700 ሜትር ላይ የሚኖሩትን ልብ በመሣሪያ ተመለከተ። ልባቸው ወደ ሳንባ የሚልከው ደም ብዙ ነው፤ የሳንባቸው የደም ሥር ግን በሩን አልዘጋም። እንግዲህ ጭላዳውና እረኛው በየራሳቸው መንገድ መጥተው ደማቸውን ሳያወፍሩ መኖርን ተምረዋል። ማሞ ወልዴ በ1968 ዓ.ም. ማራቶን ያሸነፈባት ሜክሲኮ ከተማ፣ ስንቱ ሯጭ በአየር እጦት የተንገላታባት፣ ከፍታዋ 2,240 ሜትር ነው፤ ከወረኢሉ ገበያ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት።

ስለ ጥንብ አንሣው ሳንናገር አናበቃም። ይህን ወፍ በሩፔል ስም የጠራው ብሬም የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ነው፤ ዘመኑ 1852 ነው። ኖቬምበር 29 ቀን 1973 ዓ.ም. በአይቮሪ ኮስት በአቢጃን ሰማይ ላይ፣ በ11,300 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ አንድ አይሮፕላን ከወፍ ጋር ተጋጨ። የተገኘው ላባ ሲመረመር የሩፔል ጥንብ አንሣ ሆነ። በዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሩብ አይሞላም፤ ሰው ቢወጣ ወዲያው ራሱን ይስታል። በኋላ የወፉ ደም በተመረመረ ጊዜ ሄሞግሎቢኑ አራት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዱ ኦክሲጅን የሚይዝበት ጥንካሬ የተለያየ ስለ ሆነ፣ ወፉ ከመሬት እስከ ሰማይ ባለው ደረጃ ሁሉ የሚስማማው ደም አለው። በዚህ ላይ የአዕዋፍ ልብ ከሰውነታቸው ጋር ሲመዛዘን ከአጥቢ እንስሳት ልብ የተለቀ ነው። ሩፔል በምድር ላይ በበቅሎ እየተንገዳገደ የወጣውን ዳገት በስሙ የተጠራው ወፍ ሦስት እጥፍ አልፎት ሄዷል።

ይህ ወፍ ዛሬ በመላው አፍሪካ በመርዝና በረኀብ እየተመናመነ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተቈጥሯል። ቀይ ቀበሮም በአገሪቱ ሁሉ ቢቈጠር 500 አይሞላም፤ በደቡብ ወሎ ያለው በአሥር ቤት የሚቈጠር ነው። የሚገድለው የአየር እጦት አይደለም፤ ልቡ ያንን አሸንፏል። የሚገድለው ከመንደር ውሻ የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታና ወደ ላይ እየወጣ ያለው እርሻ ነው። ገብሱ ጓሳውን ተከትሎ ሲወጣ አውሬው ወደ ጫፍ ይሸሻል፤ ከጫፉ በላይ ደግሞ ተራራ የለም።

ገበሬው ለምን ወደ ላይ እንደሚያርስ እናውቃለን። ከታች ያለው መሬት ጠብቦ፣ ታጥቦ፣ ልጆች በዝተው ነው። ጭላዳውም ገብሱን ሲወርድበት በወንጭፍ የምናባርረው እኛ ነበርን፤ ከመካከላችን በድንጋይ ያልመታው የለም። በስሜን የተለካው ደረት በደንቆሮ ጫካ ገና ሊለካ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው እንደ ሩፔል የባንክ ሰው ልጅ መሆን ወይም ጠመንጃ መያዝ አይደለም። በሚቀጥለው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከመካከላችን የሥነ ሕይወት ተማሪዎች የሆኑ ሦስት ልጆች ወደ ሳይንት ወጥተው፣ በፓርኩ ጠባቂዎች ፈቃድ፣ መንጋውን ከሩቅ ቈጥረው፣ እርሻው የደረሰበትን ከፍታ በየቀበሌው መዝግበው ለመመለስ ተስማምተዋል። ባሮሜትርም ይዘው ይሄዳሉ።